የቡሬ ሚዛን

ገበያ ነው ዛሬ፤ ከሽንዲ፣ ከቁጭ ሰው ወርዷል፤
የበርበሬው ብናኝ አፍንጫ ሰርስሮ ይሄዳል።
እኔ ሚዛኑ ጋ ቆሜ ቁጥር እጠራለሁ፤
"ስልሳ ሁለት ተኩል!" እላለሁ፤ እጽፋለሁ።
አራት ዓመት ሙሉ ስታትስቲክስ ተምሬ
ይኸው መዛኝ ሆንሁ፣ በሽታሁን መጋዘን፣ በቡሬ።

ደመወዜን ልንገር፣ ምን ይደበቃል ከሰው፦
ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ምሳ የራሴ ነው።
ዲግሪዬ ማርቆስ ነው፣ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል፤
ወጪ መጋራቱን ሳትከፍይ አይወጣም ተብሏል።
ጊዜያዊው ግን አለ፤ እናቴ በፌስታል ጠቅልላ
ከቆጡ ሰቅላዋለች፣ "አይጥ እንዳያገኘው" ብላ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣኝ ሒሳቡን ሠራሁት፤
የወጣውን በግራ፣ የገባውን በቀኝ ላሰፍር አሰብሁት።
በግራ፦ አንደኛ ዓመት፣ ቦራ የምንለው በሬ፤
ሁለተኛው፣ የአጥሩ ባሕር ዛፍ፣ ሦስት ኩንታል በርበሬ።
ሦስተኛው ዓመት ላይ ዕቁብና የአክስቴ ብድር፤
አራተኛው፣ አባቴ የታዘዘለትን መነጽር ሳይገዛ ማደር።

በቀኝ ምን ልጻፍ? ባዶውን ቦታ ብዙ አየሁት፤
"ሦስት ሺህ አምስት መቶ" ብዬ፣ መልሼ ሰረዝሁት።
በሬውን ብቻ እንኳ ለመተካት ስንት ዓመት? አሰላሁ።
ስሌቱ ትክክል ነበር። ወረቀቱን እሳት ውስጥ ጣልሁ።

ግን አንድ ነገር አለ፣ ለሰው ያልነገርሁት፤
ሥራ በቀዘቀዘ ቀን ሚዛኑን ፈተንሁት።
ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ፣ ክሩ ያልተፈታ፣
ሠላሳ ጊዜ ጫንሁ፣ ጠዋትና ማታ።
አርባ ስምንት ተኩል። ቁጥሩ እዚያው ላይ ይረጋል።
መምህሬ ይል ነበር፦ "ስሕተት ይዋዥቃል፤
የማይዋዥቅ ስሕተት ባለቤት ይኖረዋል።"
ከመቶው ሦስት ኪሎ ለሽታሁን ይቀራል፤
ገበሬው ግን፣ "ዘንድሮ ዝናቡ ነው" ይላል።

ዝም አልሁ፣ ሁለት ወር። የቤት ኪራይ አለ፤
አፌም ከከረጢቱ ጋር አብሮ ተቋጥሮ ዋለ።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አባቴ ከነአህያው መጣ፤
"ወንድምሽ አለፈ" አለኝ፣ "የልየው ምደባ ወጣ።
ለመንገዱ፣ ለፍራሹ፣ ለአንድ ሁለት ነገር ይሆናል፤
ይኸን በርበሬ መዝኚው።" ቆይቶም፣ "ያዋጣል?" ይላል።

ያዋጣል ያለው በርበሬው ይሁን፣ ልጁን ማስተማሩ፣
አልጠየቅሁትም። ለሱ አንድ ነው ነገሩ።
ዓይኑን ወደ ሚዛኑ አጠበበ፤ ቁጥሩ አይታየውም፤
መነጽሩን፣ ያ የግራውን፣ እስካሁን አልገዛውም።
"ስንት አለ?" አለኝ። ሽታሁን ከጀርባዬ ስልክ ያወራል።
ሰባ ሁለት ይላል ሚዛኑ። ተሸካሚው ሊያወርድ ይጠብቃል።

"ሰባ አራት ከሩብ!" አልሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ደጅ ድረስ።
ሽታሁን ስልኩን ዘጋ፤ መጣ፣ በእርጋታ፣ ቀስ።
"ዓይንሽን ነው?" አለኝ። "ዓይኔስ ደኅና ነው፤ ሲሚንቶ ያስመጡ፤
ክሩ ያልተፈታ። እነዚህ ሰዎችም ይምጡ።"
መጋዘኑ ጸጥ አለ። ሰው ከከረጢቱ ቀና ቀና አለ፤
አንዲት የሽንዲ ሴት፣ "የኔስ፣ ያ ያለፈው ሳምንት፣ ስንት ጎደለ?"

ማምሻውን አባቴ አህያውን ከፊት ነዳ፤
ድልድዩን እስክናልፍ ዝም፤ ከዚያ፣ እንደ እንግዳ፣
"ይኸን እዚያ ነው ያስተማሩሽ?" አለኝ። "አዎ" አልሁት።
"እህ" አለ። ሌላ ቃል ከአፉ አልሰማሁት።

ሌሊት ወረቀት አውጥቼ እንደገና ሠራሁ፤
በቀኝ፦ "ሁለት ኪሎ ከሩብ በርበሬ" ብዬ ጻፍሁ።
በግራ፦ "ሥራዬ"። ከሥር መስመር አሰመርሁ።
ልየው ነገ ይሄዳል፤
ድምሩን ለሱ ተውሁ።